ቀለበቷ የቀረች ፊደል

ዲበኩሉ ፊደል ስቶ አያውቅም። በአዳማ ከፍራንኮ እስከ ቦኩ መንገድ በእጁ የጻፋቸው የሱቅ ማስታወቂያዎች፣ የጋሪ ስሞችና የባጃጅ ኋላ ጽሑፎች ሁሉ ምስክር ናቸው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም፣ "ፀሐይ" በየትኛው ፀ፣ "ኃይል" በየትኛው ኀ እንደሚጻፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንኳ መጥተው ይጠይቁታል። አፉ ግን እንደ እጁ አልነበረም። ሰው ፊት ሲቆም ጆሮው ይቀላል፣ ቃል ይጠፋዋል፤ የመጣበትን ሳይናገር "እሺ" ብሎ ይመለሳል።

እዚህ ያደረሰችውም ይህች "እሺ" ናት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሎጅ በር ላይ ቆሞ አሥራ አንድ ቀን የደከመበትን ትልቅ ጽሑፍ ያያል። የሎጁ ባለቤት ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቀና አለ።

"ቆንጆ ነው! እጅህ ይባረክ።"

"ገንዘቡን... ዛሬ ብለውኝ ነበር" አለ ዲበኩሉ፣ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ።

"አንተ ደግሞ፣ የት እሄድብሃለሁ? ለመስቀል እንግዳ ይገባልኛል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ላይ እዘጋልሃለሁ። እሺ?"

"እሺ።"

መስኮቱ ተዘጋ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ከመሄዱ የዲበኩሉ ስልክ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው። አነሳው።

"አቶ ዲበኩሉ ነዎት?" አለች አንዲት ሴት፣ በጣም ትሁት በሆነ ድምፅ። "የወሰዱት የስልክ ብድር ሦስት ሳምንት አልፎታል። እስከ ሰኞ ጠዋት ካላስገቡ፣ ስልክዎ ላይ ካሉት ሰዎች እየደወልን ለመጠየቅ እንገደዳለን።" ከፊቷ የምታነበው ነገር ያለ ይመስላል። "የመጀመሪያዋ፣ 'ሌንሳ የኔ' ብለው የመዘገቧት ናት።"

ዲበኩሉ ስልኩን ከጆሮው አራቀው።

ሌንሳ የኔ። ይህን ስም ለሌንሳ ለራሷ እንኳ ብሏት አያውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንዲት ቅጽበት አፉ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጣት። አሁን መልኳን የማያውቃት ሴት፣ ልክ እንደ ሂሳብ ቁጥር አነበበችለት። ከሁሉም ከሁሉም እሱ ነው ያመመው።

*

ሚኒባሱ አዳሚ ቱሉን አልፎ ወደ ባቱ ሲቃረብ ዲበኩሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሌንሳ የምትሠራበት ባንክ ባቱ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ አዳማ ቤተሰቦቿ ጋ የምትመጣው ለቅዳሜና እሑድ ነው። ሁልጊዜ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ ያያል። ዛሬ ግን ገና ከሩቅ ሰማያዊው ታፔላ ሲታየው አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

ሆኖም አያት። ከመስታወቱ ጀርባ ቆማለች። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወረቀት ይዘው ግራ ገብቷቸዋል፤ እሷ ከመስኮቷ ወጥታ አጠገባቸው ጎንበስ ብላ በጣቷ የሚፈርሙበትን ታሳያቸዋለች። ሽማግሌው አንድ ነገር ሲሏት ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ሚኒባሱ አለፈ።

እንዲህ ሳቃ ነበር መጀመሪያ ያገኛት ቀን።

አባቷ ኦቦ ምልኬሳ ፍራንኮ አካባቢ የታወቁ የዘርና የእርሻ መድኃኒት ነጋዴ ናቸው። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በዱቤ ምክንያት ተጣልተው፣ ሳይታረቁ ወንድማቸው ስላረፉ፣ ከዚያ ወዲህ ቃሉ ራሱ ቤታቸው እንዲነሳ አይወዱም። የሱቃቸው ግድግዳ ላይ "ዱቤ የለም" ተብሎ በቀይ እንዲጻፍ ዲበኩሉን አስጠሩት። እሱም እንደ ልማዱ ወፍራሙን ሥራ በሰፊው ብሩሽ ጨርሶ ቀጭኑን ለመጨረሻ አቆየ። ቢ የምትባለው ፊደል እግሯ ላይ አጭር ጭረት አላት፤ ጭረቷ ላይ ትንሽ ቀለበት ስትገባላት ቤ ትሆናለች። እሷን ቀለበት ለመሥራት ቀጭኑን ብሩሽ ሲፈልግ፣ አንዲት ልጅ ከሱቁ ወጥታ አነበበች።

"ዱቢ የለም?" አለችና ሳቀች። "አባዬ፣ ና እይ! ሱቃችን ወሬ ተከለከለ! እማዬ የት ልትውል ነው?"

በኦሮምኛ ዱቢ ማለት ነገር ነው፣ ወሬ ነው፣ ጨዋታ ነው። ዲበኩሉ ይህን ያውቃል። ጆሮው ቀላ።

"አላለቀም" አለ። "ቀለበቷ ቀርታ ነው።"

"የማን ቀለበት?"

"የ... የፊደሏ።"

ስሙን ስትሰማ ደግሞ "ረዘመ፤ ዲቤ ልበልህ" አለችው። "በእኛ ዲቤ ከበሮ ነው። ድምፅ የሌለው ከበሮ ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

ከዚያ ወዲህ ዱቢ የሁለቱ ቃል ሆነች። ስትናፍቀው "ዱቢ አለኝ" ብሎ ይጽፍላታል፤ ስታገኘው ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋዋል፤ እሷ ትስቃለች፣ ታወራለች፤ እሱ ይሰማል። ዲግሪ ያላት የነጋዴ ልጅና ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ጽሑፍ ጻፊ ነበሩ። ሰው ሁሉ ይህን ያይ ነበር። እሱም ያይ ነበር። ላታየው የመረጠች እሷ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ዓመት የእጅ ጽሑፍ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ሁሉም ሰው የማሽን ስቲከር ሲፈልግ፣ ባንኳ ለሠራተኞቹ የዱቤ ካርድ ሰጠ። ሌንሳ ዲበኩሉን ይዛ ወደ አንድ የማሽን መሸጫ ሄደች። እሱ ያጠራቀማትን ከፈለ፤ የቀረውን እሷ ካርዷን አውጥታ በማሽኑ አሳለፈች። የስቲከር መቁረጫ ገዙ።

"ካርዱ በስሜ ነው" አለችው ያን ቀን። "ወር በገባ በሃያ አምስት ትከፍላለህ። አንድ ቀን ብታሳልፍ የሚጻፈው እኔ ላይ ነው። አምንሃለሁ።"

አላሳለፈም። አንድም ቀን። ሥራ ሞልቶ ነበር፤ ችግሩ ገንዘቡ ነው። ሆቴሉ "ከወር በኋላ" ይለዋል፣ እሺ። ካፌው "ሳምንት ተመለስ" ይለዋል፣ እሺ። ሃያ አምስት ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነው። መጀመሪያ ከስልኩ ሁለት ሺህ ብር ተበደረ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ማንም ፊት መቆም፣ አንዲት ቃል መናገር አላስፈለገም። ለእንደ እሱ ያለ ሰው የተሠራ ብድር ነበር። በሚቀጥለው ወር ያንን ለመክፈል ከሌላው ወሰደ። አሁን አበዳሪዎቹ ሦስት ሆነዋል፤ ወለዱና ቅጣቱ ተደምሮ ሠላሳ ስምንት ሺህ ደርሷል።

ሰኞ ይደውሉላታል። ከማታውቀው ሰው አፍ ትሰማለች።

ሚኒባሱ ከመቂ ሲወጣ ዲበኩሉ ስልኩን አወጣ። ፊት ለፊት ሊነግራት እንደማይችል ያውቃል፤ እንዳያፈገፍግ አስቀድሞ ራሱን ማሰር አለበት። ጻፈ፤ "ሌንሳ፣ ዱቤ አለብኝ። ከዚህ በላይ ልደብቀው አልችልም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤታችሁ እመጣለሁ። አባትሽም ከእኔ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።"

እየጻፈ ሳለ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዘለለ፤ ጣቱ ተንሸራተተ፤ የጎኑ ሰውዬ ሾፌሩን ሰደበ። ዲበኩሉ መልሶ ካነበበው እንደሚያጠፋው ያውቃል። ስለዚህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈውን ሳያነብ ላከ። ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ እስከ ሞጆ ድረስ በደረቱ ውስጥ አንድ የከረመ ነገር እየለቀቀ ሄደ።

*

እሑድ ስልኩን ሳይከፍት፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የዕዳውን ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት በቆንጆ ጽሑፍ ገልብጦ ሄደ።

በሩን የከፈቱት የሌንሳ እናት አዴ ዘርፉ ናቸው። ሲያዩት ፊታቸው በራ። "ኮቱ፣ ኮቱ! ግባ ልጄ!" አሉና ግንባሩን ሳሙት። ከዚህ በፊት ስመውት አያውቁም። "ሳያዝኑልኝ አልቀሩም" ብሎ አሰበ።

ሳሎኑ ታጥቦ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሰፊ የእንጨት ገበታ ቀርቧል። ኦቦ ምልኬሳ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። በጎናቸው ጎረቤታቸው ኦቦ ሰንበታ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል ተክለዋል። ሌንሳ ጥጉ ላይ ናት። ፀጉሯን ተሠርታለች። ቀና ብላ አየችው፤ ዐይኗ ውስጥ ያለው ነገር ግን ዕዳ የሰማች ሴት ዐይን አልነበረም። "ይቅር ብላኛለች" አለ በልቡ።

"አካም ጅርቱ" አለ ዝቅ ብሎ።

"ነጋያ፣ ተቀመጥ" አሉ ኦቦ ምልኬሳ።

ኦቦ ሰንበታ ወደ በሩ አንጋጠጡ። "ብቻህን ነህ እንዴ? ሽማግሌዎችህ ባጃጅ አጡ?"

ለዕዳ ሽማግሌ እንደሚያስፈልግ ዲበኩሉ አላወቀም ነበር። "ሽማግሌ አላመጣሁም" አለ። "ራሴ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።"

"ይኼ ነው ወንድ!" ኦቦ ሰንበታ ከዘራቸውን መሬት መቱ። "በእኛ ጊዜ ቢሆን አባቷ በዚህ ከዘራ ይሸኝህ ነበር።"

ኦቦ ምልኬሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ነገርህን ልጄ ነግራናለች።"

"እንዲያውቁት ፈልጌ ነው፣ ኦቦ።"

"ከጀመረህ ቆየ?"

"ቆየ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ከዚያ እያደገ መጣ።"

"እያደገ ነው የሚመጣው" አሉ አዴ ዘርፉ፣ ጉንጫቸውን ደግፈው።

"እንቅልፍ ይነሳኛል።"

"ይነሳል!" አሉ ኦቦ ሰንበታ።

"ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ?" አሉ ኦቦ ምልኬሳ።

"አፈርኩ።"

"ምን ያሳፍራል? እኔም በወጣትነቴ ገብቼበታለሁ።"

"እርስዎ?"

"ታዲያስ! ያስገባችኝም ይቺ ናት" ብለው ወደ ሚስታቸው ጠቆሙ። አዴ ዘርፉ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ዲበኩሉ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ዱቤ የሚባል ቃል የማይወዱት ሰው፣ እሱ እንዳያፍር ብለው የራሳቸውን ገመና ገለጡለት! እንዲህ ዐይነት ደግነት ይኖራል ብሎ አላሰበም። ልቡ ቀለለው። ኪሱ ገብቶ ወረቀቱን አወጣ፤ ዘረጋው።

"እንግዲያውስ ሁሉንም ልንገርዎት። ሠላሳ ስምንት ሺህ ነው።"

አዴ ዘርፉና ኦቦ ምልኬሳ ተያዩ።

"ጥሎሽ ማን ጠየቀህ?" አሉ ኦቦ ሰንበታ።

"አይ፣ ለሦስት የሚከፋፈል ነው። ለሦስቱም..."

"ለሦስት?" አዴ ዘርፉ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እኛ ያለችን አንዲት ልጅ ናት!"

ሌንሳ ቀስ ብላ ተነሣች። ፈገግታዋ ገና አልጠፋም፤ ግን እንደ ተረሳ መብራት ነበር። "ዲቤ፣ የያዝከው ምንድን ነው?"

"የዱቤው ዝርዝር ነዋ። ዓርብ ጽፌልሽ የለ?"

"የምኑ?"

"የዱቤው።"

ቃሏ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ሳሎን ውስጥ ወደቀች። ማንም አላነሳትም። የኦቦ ምልኬሳ እጅ ጋቢያቸው ላይ ቆመ። ሌንሳ ስልኳን አውጥታ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ አዲሱን መጋረጃ፣ ጭኮውን፣ የእናቷን ፊት በየተራ አየች። ዲበኩሉም እሷ ያየችውን እያየ ተከተላት፤ ሁሉ ነገር በዚያች ቅጽበት ገባው። የሽማግሌው ጥያቄ። የአዴ ዘርፉ መሳም። የሌንሳ ፀጉር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። እግሩ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ግን ሰኞ አለ። ሰኞ ያቺ ሴት ትደውላለች።

ቆሞ ተናገረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያለው ሰው፣ ጆሮው እንደ ፍም ቀልቶ፣ ዐይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ሁሉንም ተናገረ፤ ካርዱን፣ ማሽኑን፣ "እሺ" ያለባቸውን ሰዎች፣ አንዱን ብድር በሌላው መክፈሉን፣ የሴትዮዋን ስልክ። "ለሌላ ነገር አልመጣሁም" አለ በመጨረሻ። "ለሌላው ነገር ለመምጣት እንዲህ ሆኜ አልችልም። ከሰው አፍ ሳትሰማው ልንገራት ብዬ ነው።"

ሌንሳ በሱቁ በኩል ያለውን በር ከፍታ ገባች። በሩ በቀስታ ተዘጋ፤ ቢወረወር ይሻለው ነበር።

*

"ተከተላታ" አሉ ኦቦ ምልኬሳ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ርኅራኄም አልነበረም። "ካርዱ ላይ ያለው ስም የእሷ ነው። ከእኔ ጋር ምን አለህ?"

እሑድ ስለሆነ ሱቁ ተዘግቷል። ከላይ በምትገባ ብርሃን ሌንሳ በሽንኩርት ዘር ቆርቆሮዎች መሐል ኩንታል ላይ ተቀምጣለች። እንባዋን ስትጠርግ የዐይኗ ኩል ጉንጯ ላይ ተለቅልቋል።

"ለእናቴ መጋረጃ የገዛሁት እኔ ነኝ" አለች ሳታየው። "ትናንት። ፀጉሬን ስሠራ ሴትዮዋ 'ምን ተገኘ?' ስትለኝ ነገርኳት። ለማላውቃት ሴት!"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ለየቱ?"

ዲበኩሉ ወረቀቱን አጠፈ።

"በየወሩ ሃያ አምስት" አለች፣ "ስልኬ 'ክፍያዎ ደርሷል' ብሎ ሲጮህ የማደርገውን ታውቃለህ? ሥራዬን አቁሜ አነበው ነበር። አንተ አትናገርም። እወድሻለሁ ብለኸኝ አታውቅም። እኔም 'ይሄ ነው አነጋገሩ' እል ነበር። ደብዳቤ የላክልኝ ይመስለኝ ነበር፣ ዲቤ። ለአባቴም እየወሰድኩ አሳየው ነበር፤ 'እይ፣ ዛሬም በቀኑ' እያልኩ።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ለካ የሰው ገንዘብ ነበር።"

ዲበኩሉ በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን "እሺ" ብሎ ይወጣ ነበር። ዛሬ ግን ያ ቃል አፉ ውስጥ አልነበረም።

"ገንዘቡ የሰው ነበር" አለ። "ቀኑን የጠበቅሁት ግን እኔ ነኝ። ሃያ አራት ማታ ሁሌ አልተኛም። ስምሽ ላይ ክፉ እንዳይጻፍ ብዬ ነው። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። ደብዳቤው ግን ውሸት አልነበረም።"

ቀና ብላ አየችው።

"ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ወር እከፍልልህ ነበር። ባንክ ውስጥ እኮ ነው የምሠራው! ቀኑን ሙሉ ዕዳ ከበዛባቸው ሰዎች ጋር ነው የምውለው። ጎንበስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ፣ አብሬያቸው እደምራለሁ። ለአንተ ሲሆን ጎንበስ የማልል መሰለህ?"

"ዓርብ አይቼሻለሁ" አለ። "ከሚኒባስ። ሽማግሌውን ስታስፈርሚ።"

"አይተኸኝ አለፍክ?"

"አንገቴን ደፍቼ።"

ሌንሳ እንባዋ እየወረደ አንድ ትንሽ ሳቅ አመለጣት። ስልኳን ዘረጋችለት። "እስቲ የጻፍከውን አንብብ፤ አንተ ፊደል የማትስተው!"

አነበበ። "ሌንሳ፣ ዱቢ አለብኝ። ከዚህ በላይ ልደብቀው አልችልም..." ፊቱ ተለዋወጠ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም።

"'አለብኝ' ያልከውን ኦሮምኛህ ገና ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት" አለች። "ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ዱቢ መጣ ብዬ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ቀለበቷን ረሳሃት፣ ዲቤ።"

ሁለቱም የተናገረችውን ዘግይተው ሰሙት። ጆሮው ቀላ፤ የእሷም ጉንጭ።

"ሌንሳ" አለ። ቆመ። የማያውቃት ሴት በስልክ ያነበበችውን፣ ሁለት ዓመት የዋጣትን ቃል ከጉሮሮው ሲያወጣት እንደ እሾህ ነበረች። "ሌንሳ የኔ።"

ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ስልኬ ላይ እንዲያ ነው የጻፍኩሽ። ከእኔ በፊት ያቺ አበዳሪዋ አነበበችው። ከዕዳው ሁሉ የቆጨኝ እሱ ነው።"

ከኩንታሉ ላይ ተነሥታ መጣች። አላቀፈችውም፤ ግንባሯን ብቻ፣ ቀለም የማይለቀው ሸሚዙ ላይ፣ ልቡ የምትመታበት ቦታ ላይ አሳረፈች። "ይሄ ከበሮ ለካ ድምፅ አለው" አለች። ሱቁ ውስጥ የዘርና የአቧራ ሽታ ነበር፤ እሱም ትንፋሹን ይዞ፣ እንዳትነሣ ብቻ እየለመነ ቆመ።

*

ሳሎን ሲመለሱ ሌንሳ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጭኮው ጎን ዘረጋችው። "መጀመሪያ እነዚህ የሚደውሉት" አለች በባንክ ድምፅዋ። "ሎጁ ለአንተ ያለበት ሃያ ሁለት ሺህ ነው። ደውልለት።"

"አሁን?"

"አሁን። እሺ ብትል ግን ከዚህ ቤት ከእሺህ ጋር ነው የምትወጣው።"

ስልኩ ተከፈተ፣ ተደወለ። የሰውዬው ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። "ከመስቀል በኋላ አልኩህ እኮ ወንድሜ! እሺ?"

ዲበኩሉ ሌንሳን አየ። አዴ ዘርፉ ጣታቸውን ነክሰው ይጠብቃሉ።

"አይሆንም" አለ። "ሥራዬን ጨርሻለሁ። ሰኞ እፈልገዋለሁ።"

ሰውዬው ቆይቶ፣ "ግማሹን ሰኞ፣ ግማሹን በሳምንቱ" አለ። ኦቦ ሰንበታ "በከዘራ የተመታ ይመስላል!" ብለው ጮኹ፤ አዴ ዘርፉ በክርናቸው ጎሸሟቸው።

ኦቦ ምልኬሳ ወረቀቱን አንስተው አራቅ አድርገው አነበቡት። እንዲህ ተደርጎ የተጻፈ ዕዳ አይተው አያውቁም፤ እያንዳንዱ ፊደል በቦታው ነው።

"ወንድሜ" አሉ በመጨረሻ፣ "እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ ኖሮ አልጣላውም ነበር። እሱ ደበቀኝ። እኔም የደበቀኝን እንጂ የደበቀበትን ኀፍረት አላየሁለትም።" ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። "እኔ ቤት ዱቤ የለም። አሁንም የለም። አንዲት ሳንቲም አልከፍልልህም።"

"አውቃለሁ፣ ኦቦ።"

"ቀብድ ግን አለ። መቂ አዲስ ሱቅ እከፍታለሁ። ታፔላውን፣ የግድግዳውን፣ የመኪናውን ጽሑፍ ትሠራለህ። ግማሹን ነገ ትወስዳለህ። ይሄ ውለታ አይደለም፤ ሥራ ነው።" ቀጥለውም ወደ ኦቦ ሰንበታ ዞሩ። "ሽማግሌ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጥም፤ ቀጠሮ ነው የሚሰጠው። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነህ።"

"ይሄ ልጅ ራሱን ሽማግሌ አድርጎ ልኳል። ቀጠሮው፣ የዚህ ወረቀት የመጨረሻዋ መስመር የምትሰረዝበት ቀን ነው። ያን ጊዜ ደህና ሽማግሌ ይዘህ ና።"

ዲበኩሉ አፉን ከፈተ። "እሺ" ሊል ነበር፤ ሌንሳን አይቶ ያዘው።

"ይቺን እሺ እንኳ በላት" አለች።

"እሺ" አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ አዴ ዘርፉ ከጭኮው ትልቁን አንስተው አጎረሱት።

*

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ዲበኩሉ የኦቦ ምልኬሳ ሱቅ ግድግዳ ሥር መሰላሉን አቆመ። የሁለት ዓመት ፀሐይ "ዱቤ የለም" የሚለውን አደብዝዞት ነበርና አድሰው ተብሎ ነው። አሮጌውን በነጭ ሸፍኖ፣ ቀዩን በሰፊው ብሩሽ አንድ በአንድ ጻፈ። ወደ ባቱ ልትሄድ ቦርሳዋን ያነገተችው ሌንሳ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ሲጨርስ ብሩሹን አጠበ፣ ቀለሙን ከደነ፣ መሰላሉን አጠፈ።

ግድግዳው ላይ በትልልቁ "ዱቢ የለም" ይላል።

"ዲቤ" አለች ሌንሳ በዝግታ። "ቀለበቷስ?"

"እሷ መጨረሻ ላይ ነው የምትገባው" አለ።

ኦቦ ምልኬሳ ወጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። አዩትና ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸው መሬት መሬት ታያለች። የዲበኩሉ ጆሮ ቀልቷል፤ ግን አንገቱን አልደፋም።

"እኔ ላልተጨረሰ ሥራ አልከፍልም" አሉ ኦቦ ምልኬሳ።

"አውቃለሁ፣ ኦቦ። መጥቼ እጨርሰዋለሁ።"

እሳቸውም ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ከውስጥ ግን፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ፣ ሚስታቸውን ሲጠሩ ተሰማ፤ "ዘርፉ! ከዛሬ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ወሬ የለም! ቀለበቷ እስክትገባ!"

ሌንሳ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ልክ እንደዚያን ቀን ሳቀች፤ ዲበኩሉም በዚህ ጊዜ ከሚኒባስ መስኮት ሆኖ ሳይሆን፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ እስኪበቃው አያት።